«ሥዕሉን አውርዱ» ሲሏችሁ፦ በህንድ ለምትማር ሠዓሊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «በህንድ ሥነ ጥበብ የምማር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ከአምስት ህንዳውያን ጓደኞቼ ጋር በሚቀጥለው ወር የጋራ ዐውደ ርዕይ እንከፍታለን። የአንዷ ጓደኛዬ ሥዕል አንዲትን የሂንዱ አምላክት በጡብ ተሸካሚ የቀን ሠራተኛ አምሳል ያሳያል። ፖስተሩ በወጣ በሦስተኛው ቀን ‹አውርዱት፣ አለዚያ መጥተን እናወርደዋለን› የሚል መልእክት ደረሰን። የአዳራሹ ባለቤት ፈርቷል፤ መምህራችንም ሥዕሉን አውጥተን እንድንገላገል ይመክሩናል። የህንድ አርቲስቶች እንዲህ ሲገጥማቸው ምን አደረጉ? የትኛውስ ሠራላቸው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መልእክቱን አታጥፉት፤ ለላከውም ሰው መልስ አትስጡ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ቀኖቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እዚያ የሚገጥምሽ ወረቀት ሁሉ በሱ ነውና።

አንድ ነገር ከመነሻው ይለይ። በሂንዱትቫ ስም የሚመጣው ጫና ከእምነቱ ጋር አንድ አይደለም። ሂንዱትቫ ህንድን በሂንዱነት የሚተረጉም የፖለቲካ አስተሳሰብ ነው፤ ከሚዛትባቸው አርቲስቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ሂንዱ ናቸው። በደብዳቤም በቃልም «ሂንዱዎች ዛቱብን» ብትሉ ሐሰት ከመሆኑ በላይ ጉዳዩን እናንተው ወደ ሃይማኖት ጠብ ትቀይሩታላችሁ። «እገሌ የተባለ ቡድን፣ በዚህ ቀን፣ ከዚህ ስልክ፣ ይህን ጻፈ» ነው የሚባለው።

ወደ ዋናው ልግባ። የህንድ ጉዳዮች ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ አርቲስቱ ከፍ ባለ ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፣ ፍርዱ ሲደርስ ግን ሥራው ተሰባብሯል፣ ሰውየው ተሰዷል ወይም ብዕሩን አስቀምጧል። ጉዳቱ የሚደርሰው ከዛቻው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ቀናት፣ አዳራሹ ደጃፍና ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝግጅታችሁ ሁሉ ለነዚያ ቀናት ይሁን።

የታዋቂውን ህንዳዊ ሠዓሊ የኤም. ኤፍ. ሁሴንን ነገር ተመልከቺ። በ1970ዎቹ የሣላቸው የአማልክት ንድፎች ሃያ ዓመት ያህል ያን የመሰለ ቁጣ አላስነሱም። እሳቱ የተነሳው በ1996 አንድ የሂንዲ መጽሔት «ሠዓሊ ወይስ አራጅ» ብሎ ሲያትማቸው ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ባጅራንግ ዳል የተባለው የሂንዱትቫ ቡድን ሰዎች አህመዳባድ ያለውን የሥዕል አዳራሽ ሰብረው ገብተው ሥራዎቹን አወደሙ፤ በ1998 ሙምባይ የሚገኘውን ቤቱን አጠቁ። በ2006 የህንድን ካርታ በራቁት ሴት አምሳል ባሳየው ሥዕል ምክንያት እንደ ራጅኮትና ኢንዶር ባሉ ከተሞች ክስ ተደራረበበትና አገር ለቆ ወጣ። ሜይ 8 ቀን 2008 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳንጃይ ኪሻን ኮል ክሶቹን ሰረዙ፤ በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ክስ እንዲከፈትበት የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም። በሕግ ረገድ ከዚህ የተሻለ ድል የለም። ሁሴን ግን አልተመለሰም። በ2010 የካታር ዜግነት ወሰደ፣ በጁን 2011 በ95 ዓመቱ ለንደን ላይ አረፈ። ከሞተ በኋላም አላበቃም፤ በጃንዋሪ 2025 አንድ የዴልሂ ፍርድ ቤት በአንድ ጠበቃ አቤቱታ ሁለት ሥዕሎቹ እንዲያዙ አዘዘ።

ከዚህ የምትወስዱት የመጀመሪያው ተግባራዊ ነገር ስለ ፖስተሩ ነው። ቁጣው የተነሳው ሥዕሎቹ በተሰቀሉበት ቦታ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቆርጦ፣ የራሱን ርዕስ ለጥፎ ሲያሰራጫቸው ነው። የእናንተም ዛቻ የመጣው ማንም ሥዕሉን ሳያይ ከፖስተሩ ነው። በ2022 ፊልም ሠሪዋ ሊና ማኒመካላይ ላይ የክስ መዓት የወረደው፣ ቶሮንቶ የሚገኝ ሙዚየምም ይቅርታ ጠይቆ ሥራዋን ያነሳው፣ በፊልሙ ሳይሆን በፖስተሩ ነበር። ስለዚህ ፖስተሩ ላይ የዐውደ ርዕዩን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ብቻ አትሙ። ሥዕሉ አዳራሽ ውስጥ ከመግለጫው ጋር ይታይ። ይህን ሳንሱር አድርጌ አልቆጥረውም፤ ሥዕሉ በራሱ አገባብ የመታየት መብት አለው፣ ያን አገባብ የምትጠብቁለትም እናንተ ናችሁ። መግለጫውንም ቃል በቃል መርምሩት። ሳህማት የተባለው የአርቲስቶች ማኅበር በአዮዲያ ከተማ የነበረው የባብሪ መስጊድ በዲሴምበር 1992 በሂንዱትቫ ደጋፊዎች ከፈረሰ በኋላ ስለ ከተማዋ ታሪክ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቶ ነበር። በኦገስት 1993 ፋይዛባድ ላይ የተጠቃው በአንድ የጽሑፍ ሰሌዳ ሰበብ ነው። ሰሌዳው በሂንዱ ትውፊት ባልና ሚስት የሆኑትን አማልክት ራማንና ሲታን እህትና ወንድም አድርጎ የሚተርክ ጥንታዊ የቡድሂስቶች ትውፊት ይጠቅስ ነበር። የተጻፈው ትክክል ነው፤ ተቆርጦ ሲነገር ግን ስድብ መሰለ።

ሕጉን በቁጥሩ እወቁት። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የድሮው የወንጀል ሕግ በአዲስ ተተክቷል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ፖሊስም፣ አሁንም የድሮውን ቁጥር ይጠራል፤ ድሮ 295ኤ የነበረው አሁን አንቀጽ 299፣ ድሮ 153ኤ የነበረው አሁን 196 ነው። 299 «ሆን ብሎና በክፋት» የሃይማኖት ስሜትን ማቁሰልን እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1957 ጀምሮ እንዳለው፣ ሳይታሰብ ወይም ያለ ክፋት የደረሰ ቅሬታ በዚህ አንቀጽ አይያዝም። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው ሐሳባችሁ ምን ነበር በሚለው ላይ ነው። ሐሳብን ደግሞ ከክሱ በኋላ በተጻፈ ወረቀት ማስረዳት ይከብዳል። ጓደኛሽ ዛሬውኑ አንድ ገጽ ትጻፍ፤ ሥዕሉን መቼ ጀመረችው፣ ምን አይታ፣ ከየትኛው ትውፊት ተነሥታ፣ አምላክቷን ለምን በሠራተኛ ሴት አሰበቻት። የንድፍ ደብተሯን ገጾች ቀናቸው እንዲታይ ፎቶ ታንሳ። ሁሉንም ለራሷና ለጠበቃ በኢሜይል ትላከው፤ ኢሜይሉ የቀን ምስክር ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በነዚህ አንቀጾች ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት የመንግሥት ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል (በአዲሱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 217)። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው አልታሰርም» ይላል። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለፍርድ ቤቱ እንጂ ለፖሊሱ አይደለም፤ ፖሊስ መዝገብ ከፍቶ፣ ህንዶቹ ኤፍ.አይ.አር. የሚሉትን፣ ሊይዝ ይችላል። የሚከላከሉላችሁ ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ በማርች 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ግጥም ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ከ3 እስከ 7 ዓመት በሚያስቀጡ የንግግር ክሶች ፖሊስ መዝገብ ከመክፈቱ በፊት በ14 ቀን የሚያልቅ ቅድመ ማጣራት ማድረግ እንደሚገባው አስምሮበታል (አንቀጽ 173 ንዑስ 3)። ቃላት የሚመዘኑትም በጽኑ ሰው ሚዛን እንጂ በትንሹ በሚደነግጥ ሰው እንዳልሆነ ተናግሯል። ሁለተኛው፣ ከ7 ዓመት በታች በሚያስቀጣ ክስ ፖሊስ በቀጥታ ከማሰር ይልቅ የመጥሪያ ማስታወቂያ መስጠት አለበት (አንቀጽ 35 ንዑስ 3)። ኮሜዲያኑ ሙናዋር ፋሩቂ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ኢንዶር ላይ ተይዞ ከአንድ ወር በላይ ታስሯል፤ በፌብሩዋሪ 5 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲለቀው ከሰጠው ምክንያት አንዱ ይኸው ሥርዓት አለመከበሩ ነው። ሁለቱን አንቀጾች በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ ስድስታችሁም ያዙ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ሥራ። ከመክፈቻው 14 ቀን በፊት ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያና ለወረዳው ፖሊስ አዛዥ ደብዳቤ ይግባ። የዐውደ ርዕዩ ስም፣ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የሚጠበቀው ሰው ብዛት፣ የደረሰው ዛቻ ቅጂ፣ የምትጠይቁት ጥበቃ በግልጽ (ለምሳሌ በመክፈቻው ቀን ከዚህ እስከዚህ ሰዓት በር ላይ ፖሊስ)፣ የሁለት ተጠሪዎች ስልክ ይኑረው። የሥዕሉን ፎቶ አታያይዙ፤ ፖሊስ የሥዕል ገምጋሚ እንዲሆን መጋበዝ ነው። ደብዳቤው ውስጥ የኦክቶበር 1 ቀን 2018ን የኮዱንጋሉር ፊልም ማኅበር ውሳኔ በስም ጥቀሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያ ውሳኔ በየወረዳው የተሰየመው የፖሊስ ኃላፊ ለጥቃት የተጋለጡ የባህል ቦታዎችን፣ የሥዕል አዳራሾችን ጨምሮ፣ እንዲመዘግብና እንዲጠብቅ አዟል። የ1989ኙ የራንጋራጃን ውሳኔም ይጠቀስ፤ መንግሥት «ሁከት ፈርቼ ነው» ብሎ ሥራን ማገድ እንደማይችል የሚለው እሱ ነው። ሦስት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ በሦስተኛው ላይ የመቀበያ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ማኅተም አንመታም ካሏችሁ በዚያው ቀን በአደራ ፖስታና በኢሜይል ላኩት።

ፖሊሱ ደውሎ «ለናንተ ደኅንነት ስንል ብትተዉት ይሻላል» ሊል ይችላል። ይህ በጣም የተለመደው ሳንሱር ነው፣ ከሁሉም አስቸጋሪው፤ ወረቀት የለውምና። የተጻፈ እገዳ ይከሰሳል፣ ይሻራል። በ2002 የፊልም ምዘና ቦርድ ከዶክመንተሪ ሠሪው አናንድ ፓትዋርዳን አንድ ፊልም ላይ 21 ቦታ እንዲቆረጥ ጠየቀ፤ ሰውየው የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2003 አንድም ሳይቆረጥ አሳለፈው። የስልክ «ምክር» ግን የሚያዝ ጫፍ የለውም። ስለዚህ ጫፍ አበጁለት፦ ስልኩ እንደተዘጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ዛሬ በዚህ ሰዓት እንዲህ እንድናደርግ ነግረውናል፤ በጽሑፍ ትእዛዝ ካለ እንዲደርሰን እንጠይቃለን» ብላችሁ በኢሜይል ጻፉ። ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ትእዛዝ አይመጣም፣ «ምክሩም» ይለዝባል። በምዕራብ ቤንጋል ከሃይማኖት ጋር ያልተያያዘ አንድ የፖለቲካ ስላቅ ፊልም በፖሊስ የቃል ጫና ከሲኒማ ቤቶች ወርዶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአፕሪል 2019 ግዛቱን 2 ሚሊዮን ሩፒ (በህንዶቹ አጠራር 20 ላክ) ካሳ አስከፍሎታል። ያ የሆነው የተጻጻፉት ወረቀት ስለነበረ ነው።

የአዳራሹን ባለቤት አትውቀሱት፤ ፍርሃቱ ትክክል ነው። በማርች 2025 ሙምባይ ውስጥ አንድ ኮሜዲያን በፖለቲከኛ ላይ በቀለደ ጊዜ የተሰባበረው የቀረጸበት አዳራሽ ነው፤ በማግሥቱም የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች «ሕገ ወጥ ግንባታ» አለ ብለው ሊያፈርሱ መጡ። ባለቤቱን አስቀምጣችሁ የግንባታ፣ የእሳት አደጋና የአዳራሽ ፈቃዶቹ የታደሱ መሆናቸውን እዩ። ጎዶሎ ካለ ከመክፈቻው በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ለዚያ ተጠቀሙባቸው። ውላችሁ ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ ዐውደ ርዕዩ አይዘጋም፣ ከተዘጋ ሥራዎቹ በ24 ሰዓት ለባለቤቶቹ ይመለሳሉ፣ ለሕንፃው ጉዳት የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይለያል። መድን ከገባችሁ ውሉ «ረብሻ፣ አድማና ሆን ተብሎ የሚደርስ ጉዳት» የሚለውን መሸፈኑን በዓይናችሁ አንብቡ፤ ሽብር አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ነው።

ሥራዎቹን በተመለከተ የምመክረው የታወቀ ነው፤ በጣም የሚፈራበትን ሥዕል በቅጂ ስቀሉት። በ2008 ዴልሂ ላይ የተከፈተው የሥነ ጥበብ የንግድ ትርኢት የሁሴንን ሥራዎች ሲያገልል፣ ሳህማት ዴልሂ ውስጥ ጎን ለጎን የሁሴንን ህትመቶችና ፎቶዎች አሳየ። ኦገስት 24 ቀን ረብሸኞች ገብተው ሰባበሩ፤ የተሰበረው ግን ቅጂ ነበር። ሥዕሉን በቀን ብርሃን ወይም ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ በቆሙ ሁለት መብራቶች፣ የቀለም መለኪያ ካርድ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ በካሜራው ጥሬ ፋይል አንሱት። በዋናው መጠን በ300 ዲ.ፒ.አይ. አሳትሙት፣ «ህትመት» ብላችሁም በግልጽ ጻፉበት። ዋናው ከከተማው ሌላ ሰፈር፣ ከስድስታችሁ ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት ቦታ ይቀመጥ። የቀሩትን ሥራዎች መስተዋት ሳይሆን 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ ግጠሙላቸው፤ መስተዋት ሲሰበር ሸራውንም ሰውንም ይቆርጣል፣ ቀለም ቢረጭ ደግሞ አክሪሊኩ ይጠረጋል። በልዩ ቁልፍ ብቻ የሚፈታ መንጠቆ ተጠቀሙ፤ ሥዕል ለመንቀል አንድ ደቂቃ ከፈጀ አብዛኛው ጊዜ ይተርፋል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሸራና ወረቀት ያበላሻል፤ ንጹሕ ጋዝ የሚረጨውን አስቀድሙ፣ ዱቄቱን ለመጨረሻ አቆዩት።

በዕለቱ ሁለት ሰው በር ላይ፣ አንድ ሰው ካሜራ ላይ፣ አንድ ሰው ስልክ ላይ ይመደብ። ረብሸኞች ሲመጡ በር ላይ ያለው ሰው ስለ ሥዕሉ ትርጉም አይከራከር። ክርክሩ ለቪዲዮ ነው የሚፈለገው፤ ከአፋችሁ አንዲት ቃል ቆርጠው የሚከሱበት እሱ ነው። የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አቤቱታ ካላችሁ ለፖሊስ አቅርቡ፣ እኛም አሳውቀናል።» ስልክ ያለው ሰው 112 ይደውላል፣ ከዚያ ለጠበቃው። ተመልካቹን በኋላ በር አስወጡ፤ ሥዕል ለማዳን ማንም ከረብሸኛ ጋር አይታገል። ካሜራ ደግሞ የራሳችሁን ሰዎች ንግግር ሁሉ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ሳይቋረጥ ይቅዳ። ፋሩቂ የታሰረው በዚያ ምሽት አልተናገረውም በተባለ ቀልድ ነው፤ ሙሉ ቅጂ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ክስ በአንድ ቀን ያፈርሳል። ፋይሉን በማኅበራዊ ሚዲያ ከመለጠፋችሁ በፊት ዋናውን ሳትነኩ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ አዲሱ የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 63 የዲጂታል ማስረጃ ከነሃሽ ቁጥሩ (ፋይሉ አለመነካካቱን የሚያሳይ ልዩ ቁጥር) የምስክር ወረቀት እንዲቀርብለት ይጠይቃል፣ ከዋትስአፕ የወረደ ቅጂ ላይ ይህን ማሟላት ጣጣ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ብቻውን የሚሄድ የለም። ሴቶች ከፀሐይ መግቢያ በኋላና ከመውጫዋ በፊት በልዩ ሁኔታ ካልሆነ አይታሰሩም፣ ለምስክርነትም ከመኖሪያቸው ውጭ እንዲመጡ አይገደዱም፤ ይህን የማያውቅ ወይም የማያስታውስ ፖሊስ ያጋጥማችኋል። የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ዳኛ ፊት ይቀርባል። ከሌላ ግዛት ክስ ከመጣ ደግሞ ወደዚያ ሮጣችሁ አትሂዱ፤ ባላችሁበት ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት «የመሸጋገሪያ ቅድመ ዋስትና»፣ ማለትም ክሱ ወዳለበት ፍርድ ቤት እስክትደርሱ ከመያዝ የሚጠብቅ ትእዛዝ፣ ይጠየቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2023 ይህ እንደሚቻል አረጋግጧል። በተለያዩ ከተሞች ስለ አንድ ነገር ብዙ መዝገብ ከተከፈተ ጠበቃው ተጠቃልሎ በአንድ ቦታ እንዲታይ ይጠይቃል።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትጠነቀቁበት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስሁ፤ «የሰላም ስብሰባ» የሚባለው። ደራሲው ፔሩማል ሙሩጋን በ2010 በታሚል ቋንቋ ያሳተመው ልብ ወለድ አራት ዓመት ያህል ያለ ችግር ተነቧል። በዲሴምበር 2014 ቲሩቼንጎድ በተባለች ከተማው ቅጂዎቹ ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘጉ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 የወረዳው ባለሥልጣን ቢሮ ውስጥ «ለማስማማት» ጠሩት። ሊያስማሙ የተቀመጡት አስተዳዳሪዎች ነበሩ፣ ውጭ ደግሞ ቁጣ ነበር። ያለ ቅድመ ሁኔታ ይቅርታ ጠየቀ፣ ያልተሸጡትን ቅጂዎች ሊሰበስብ ተስማማ፣ በማግሥቱ ገደማ ደራሲው ሙሩጋን መሞቱን በራሱ ገጽ አሳወቀ። ማንም አልደበደበውም፤ ፊርማ ነው ያስቆመው። ጁላይ 5 ቀን 2016 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያ ስምምነት ማንንም እንደማያስገድድ ወሰነ፣ ደራሲው እንዲነሣና እንዲጽፍ ጥሪ አቀረበ። ዋና ዳኛው በ2008 ሁሴንን ነጻ ያወጡት ያው ሳንጃይ ኪሻን ኮል ናቸው። ከፊርማው እስከ ፍርዱ አንድ ዓመት ተኩል ባዶ ገጽ አለ።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት ወይም የወረዳው አስተዳደር «ኑና ተነጋገሩ» ቢላችሁ፣ ጥሪው በጽሑፍ ይሁን በሉ፤ ማን ማን እንደሚገኝ ጠይቁ፤ ያለ ጠበቃ አትግቡ። እዚያው ቁጭ ብሎ የሚፈረም ነገር የለም። «ወረቀቱን ወስደን በ48 ሰዓት መልስ እንሰጣለን» በሉና ተነሡ። መምህራችሁን እዚህ ላይ በፍቅር አስረዷቸው፤ ሸክሙ እሳቸውም ላይ ነው። በሜይ 2007 ባሮዳ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ አንድ ተማሪ ለፈተና ባቀረበው ሥራ ተይዞ ለቀናት ታስሯል። ጓደኞቹ ከጥንታውያን የህንድ ቤተ መቅደሶች የተወሰዱ የእርቃን ምስሎችን ቅጂ ከፋኩልቲው ክምችት አውጥተው አሳዩ፤ የተጠባባቂ ዲኑ ዝጋ ሲባሉ እምቢ በማለታቸው ከሥራ ታገዱ። የተማሪዎቹ ክርክር ትክክለኛ ነበር፣ ኮልም በ2008 ውሳኔያቸው የህንድን ጥንታዊ ጥበብ ጠቅሰዋል። ግን ክርክሩ ዳኛ ፊት እንጂ ረብሸኛ ፊት አይሠራም። የራሴ አስተያየት ደግሞ፣ «በትውፊታችን አለ» የሚለው መከላከያ ትውፊት ውስጥ የሌለውን አዲስ ሥራ ያጋልጠዋል፤ ከመጠን በላይ አትደገፉበት።

ይቅርታና ቆረጣስ? በጃንዋሪ 2021 አንድ ትልቅ የቪዲዮ መድረክ በአንድ ተከታታይ ድራማው ላይ ቅሬታ ሲነሳ ይቅርታ ጠየቀ፣ ትዕይንቶችም ቆረጠ። ክሶቹ ቀጠሉ፤ የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከመድረኩ ኃላፊዎች ለአንዷ ቅድመ ዋስትና ከለከለ፣ ጥበቃ ያገኘችው በማርች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይቅርታው መዝገብ ውስጥ ጥፋትን እንደ ማመን ይነበባል። ማስረዳትና ይቅርታ ግን ይለያያሉ። «ማንንም ለማስቀየም አላሰብንም፤ ሥዕሉ የሚለው ይህን ነው» ማለት አንቀጽ 299 የሚጠይቀውን ክፋት ይክዳል፣ ይጠቅማችኋል። «ተሳስተናል» ማለት ይጎዳችኋል። ሥዕሉን ማንሣት ካስፈለገ ባዶ ቦታውን በባዶ ግድግዳ ተዉትና የመግለጫ ካርዱን ብቻ ስቀሉ፤ ሥራው እንደነበረ ይታወቅ።

ቦታ መቀየር የተሻለ የሠራ መንገድ ነው፣ ቀኑ ካልተቀየረ። ዘፋኙ ቲ. ኤም. ክሪሽና በኖቬምበር 2018 ዴልሂ ሊያቀርብ የነበረው ዝግጅት በኦንላይን ዘመቻ ሲራዘም፣ የዴልሂ መንግሥት በዚያው በኖቬምበር 17 ሌላ ቦታ፣ መናፈሻ ውስጥ ጋበዘው፤ ሕዝቡም ተከተለው። ቀን ማራዘም ግን ቀስ ብሎ ይገድላል። ዲፓ ሜህታ በ2000 መጀመሪያ ቫራናሲ ላይ የፊልም ግንባታዋ ከተሰባበረ በኋላ ቀረጻውን የቀጠለችው በ2004 ስሪ ላንካ ውስጥ፣ በሐሰተኛ የፊልም ስም ነው። እናንተ ዛሬውኑ ሁለተኛ አዳራሽ ወይም ሰፊ የመኖሪያ ግቢ በቃል ያዙ፤ ሥራዎቹ በ6 ሰዓት ተነቅለው እንዲሰቀሉ ልኬቱን አስቀድማችሁ ውሰዱ። የአካባቢው መንግሥት ፈቃደኝነትም ብዙ ይለውጣል፤ የፋሩቂን ዝግጅት የቤንጋሉሩ ፖሊስ በኖቬምበር 2021 አስቀርቶታል፣ የሃይደራባዱ በኦገስት 2022 ግን በብዙ ፖሊስ ታጅቦ ተካሂዷል።

አንቺን በተመለከተ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ጓደኞችሽ የሚፈሩት ክስ ነው፤ አንቺ ከክስ በፊት ቪዛሽን ልታጪ ትችያለሽ። በፌብሩዋሪ 2020 ሻንቲኒኬታን በሚገኘው ቪስቫ ባራቲ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት የባንግላዴሽ ተማሪ የተቃውሞ ፎቶዎችን ፌስቡክ ላይ በመለጠፏ በ15 ቀን አገር እንድትለቅ ታዘዘች። በዚያው ሰሞን ኮልካታ ውስጥ እንዲሁ የታዘዘ ፖላንዳዊ ተማሪ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ በማርች 2020 ትእዛዙን አሽሯል። ስለዚህ መንገድ አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ሥራሽን አሳዪ፤ ቃል አቀባይ፣ የአዳራሽ ውል ፈራሚ ወይም የፖሊስ ደብዳቤ ጻፊ ግን አትሁኚ፤ እነዚህ ለህንዳውያን ይተዉ። ከጓደኞችሽ መሸሽ እንዳይመስልሽ፣ በግልጽ ተነጋገሩበት። የውጭ ዜጎች ምዝገባሽና አድራሻሽ የታደሰ መሆኑን አሁኑኑ እዪ፤ ያለፈበት አድራሻ ብቻውን ሰበብ ይሆናል። የኒው ዴልሂ ኤምባሲያችንን ስልክ ያዢ፤ ከተጠራሽ ጠበቃና ኤምባሲ እስኪያውቁ ድረስ ቃል አልሰጥም በዪ። የሚጽፉልሽን ማስታወቂያ ሁሉ በደረሰሽ ቀን ለጠበቃ ላኪ፤ 15 ቀን ብዙ አይደለም።

ዛቻው ከሥዕል አልፎ ወደ ሰው ከዞረ፣ አድራሻ ወይም የቤት ፎቶ ከተላከ፣ ሥራው ይቁምና ሰው ይዳን። ከ2013 እስከ 2017 በምዕራብና ደቡብ ህንድ የተገደሉት አራቱ ጸሐፍትና አሳቢዎች፣ ዳቦልካር፣ ፓንሳሬ፣ ካልቡርጊና ላንኬሽ፣ የተመቱት በጧት የእግር ጉዞ ላይ ወይም በራሳቸው ደጃፍ ነው። ገዳዮቹ የተጠቀሙት የተለመደ ሰዓትንና የተለመደ መንገድን ነው። እንግዲህ መንገድ መቀያየር፣ ማታ ብቻን አለመመለስ፣ ለጥቂት ሳምንት ሌላ ቤት ማደር፣ የፖስታና የስልክ አድራሻን ከፖስተርና ከካታሎግ ማውጣት ነው የሚያስፈልገው።

በሌላ በኩል ሙሩጋን ሲመለስ ምን ይዞ እንደመጣ ለጓደኛሽ ንገሪያት። ስለ ሰውና ስለ አማልክት መጻፍ ያስፈራኛል፣ ላምና ዐሣማም የተከለከሉ ናቸው፣ ፍየል ግን ጉዳት የለባትም ብሎ፣ የአንዲትን ጥቁር ፍየል ሕይወት ጻፈ። የፍየሏን ጆሮ እየበሱ የሚመዘግብ መንግሥት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ አንባቢው ሁሉ ገባው። ጓደኛሽ ሥዕሏን እንድትተው አልልም። ግን ያቺ ጡብ ተሸካሚ ሴት በሌላ ሸራ ላይ ጀርባዋን ብቻ ሰጥታ ብትቆም፣ ጡቡ እንዴት እንደሚያበራ ብታየው እመኛለሁ።

ዐውደ ርዕዩ ሲዘጋ ዶሴውን አትበትኑት። እስከ 3 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ለማየት ያለው የጊዜ ገደብ 3 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የጓደኛሽ አንድ ገጽ፣ ያልተቆረጠው ቪዲዮና የአዳራሹ ውል ከመዝጊያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ በሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ ቅጂ ጠበቃው ዘንድ ይሁን።